የእሬት ቅጠልና የቍስል አያያዝ

ለመንዝ፥ ለጊሼና ለመርሐ ቤቴ የገጠር ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ንግግር

የደጋ ሰው ኑሮው በእጁና በእግሩ ነው። በመንዝና በጊሼ ገበሬው ገብሱን በማጭድ ያጭዳል፥ እንጨቱን በመጥረቢያ ይፈልጣል፥ የበጉን ጠጕር በመቀስ ይሸልታል፤ ልጁም ደንጊያና እሾህ በሞላበት መስክ በግ ሲጠብቅ ይውላል። በመርሐ ቤቴ በኩል ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ገደል ነውና ሰውም አጋሰስም ይወድቅበታል። ማታ ደግሞ ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ ምድጃውን ከቦ ያመሻል፤ ድክ ድክ የሚለውም ሕፃን በዚያ መካከል እየተንገዳገደ ይመላለሳል። እንግዲህ ቍስልና ቃጠሎ በዚህ አገር አልፎ አልፎ የሚመጡ እንግዶች አይደሉም፤ የዘወትር ጐረቤቶች ናቸው።

ሐኪም ቤት በሌለበት ዘመን የኖሩት አባቶች ቍስል ባገኛቸው ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በአጠገባቸው ወዳለው ቅጠልና ሥር ተመለከቱ። ይህም በኢትዮጵያ ብቻ የተደረገ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ እባጭ የበለስ ጥፍጥፍ እንዳዘዘለት፥ ደጉ ሳምራዊም ወንበዴዎች ያቈሰሉትን መንገደኛ በዘይትና በወይን ጠጅ ቍስሉን እንዳከመለት በመጽሐፍ የታወቀ ነው። ዲዮስቆሪዴስ የተባለው የግሪክ ሐኪምም ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ መድኃኒቶች በጻፈው መጽሐፍ እሬት ለቍስል እንደሚሆን ተናግሯል። በአገራችንም ደብተሮች የዕፀዋትን ስምና አቀማመም በብራና እየጻፉ አቈይተዋል። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ማርሴል ግሪዮል የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. በፓሪስ አሳትሞታል፤ ስቴፋን ስትረልሲን የተባለ የፖላንድ ሊቅም በ1968 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና ድርሳኖች ሰፊ መጽሐፍ አውጥቷል። በ1888 ዓ.ም. የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የዐድዋን ቍስለኞች ሊያክሙ በመጡ ጊዜ፥ ከዚያ በፊት የቈሰለው ሠራዊት ሁሉ ይታከም የነበረው በእነዚሁ በአገሩ አዋቂዎች እጅ ነበረ።

ዳሩ ግን በብራና የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ነው። መድኃኒት አዋቂው የቅጠሉን ስም ለሰው ቢነግር ኃይሉ የሚሽር ስለሚመስለው እስኪያረጅ ድረስ ደብቆት ይኖራል፤ በመጨረሻም ከልጆቹ መካከል ለሚወደው ለአንዱ ብቻ ይነግረዋል። ያም ልጅ ቢሰደድ ወይም አስቀድሞ ቢሞት ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ፤ ስውር የሆነ መድኃኒት ስሕተቱም ስውር ነው። የዳነው ሰው በየገበያው ያመሰግናል፥ የሞተው ግን አይናገርም። ስለዚህ የቅጠልን ነገር በትምህርት ቤት በግልጥ መናገር አባቶችን ማዋረድ አይደለም፤ የሚጠቅመውን ከሚጐዳው ለመለየት ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

ለዚህም ንግግር እሬት ተመርጧል፤ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነውና። መራራነቱ ምሳሌ ሆኖ፥ መከራ የጸናበት ሰው ኑሮ እንደ እሬት መረረው ይባላል፤ እናቶችም ልጅን ጡት ሲያስጥሉ የጡታቸውን ጫፍ እሬት ይቀቡታል። ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ የቋጠረ፥ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው። አበባው ቀይ ወይም ብርቱካን መልክ ሆኖ ከመካከሉ በወጣ ዘንግ ላይ ይንዠረገጋል፥ ንብም ይቀስመዋል። በኢትዮጵያ የእሬት ወገን ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዱ በሸዋ ደጋ የሚበቅለው ሲሆን፥ የዕፀዋት ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ስም አሎዌ ደብራና ብለው ሰይመውታል፤ ከኢትዮጵያም በቀር በሌላ አገር በራሱ አይበቅልም። በመደብር በጠርሙስና በቅባት የሚሸጠው አሎዌ ቬራ የሚባለው ነው፤ የእርሱ ጥንተ አገር ከባሕር ማዶ የዐረብ ምድር ነው። እሬት ውርጭ አይወድም። ስለዚህ ጅብራና የጓሳ ሣር በሚበቅልበት፥ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በመንዝ ጓሳ ላይ አይፈለግም፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን ፀሐይ በሚያገኘው ደንጊያማ ዳገት ላይ ይታያል።

ኒቆዲሞስ ለጌታ መገነዣ ከከርቤ ጋራ ያመጣው እሬት ይኸው ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። ሊቃውንት ግን የዚያን ነገር ሲመረምሩ ሽታው ያማረ የእንጨት ዓይነት መሆኑን ይናገራሉ፤ ስሙ ብቻ ተመሳስሏል። ስም ሲመሳሰል ንባብ ይሳሳታል፥ መልክ ሲመሳሰል ግን ሥጋ ይጐዳል። በየአጥሩ የሚተከለው ቃጫ ለማያውቀው ሰው እሬት ይመስለዋል፤ ውሃው ግን ቆዳን የሚያሳክክና የሚያቃጥል ነው። ልዩነታቸው ሲቈረጡ ይታወቃል። የእሬት ቅጠል በቀላሉ ይሰበራል፥ ከልጣጩም ሥር ብጫና መራራ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ቃጫ ግን ገመድ የሚሆን ጠንካራ ጭረት በውስጡ ስላለው ሰበር አይልም።

በእሬት ቅጠል ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ፈሳሽ አለ፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያየው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ከልጣጩ ሥር ያለው ብጫው ነው። ይህ ቢጠጣ ሆድን በኃይል ያስቀምጣል፥ ውሃ ከሰውነት ያጐድላል፤ እርጉዝ ሴትና ሕፃን ከቶ ሊቀምሱት አይገባም። በተላጠ ሥጋ ላይም ቢያርፍ ያቃጥላል። ሁለተኛው በቅጠሉ መካከል ያለው፥ እንደ እንቍላል ነጭ የሚያዳልጥና ጥርት ያለ ልቡ ነው። ቃጠሎን የሚያበርደውና ቆዳን የሚያለሰልሰው ይህ ነው። ሁለቱን የመለየቱ ሥራ ብልሃት አይጠይቅም፥ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። በዳር ካሉት ካደጉት ቅጠሎች አንዱን በንጹሕ ቢላዋ ከሥሩ መቍረጥ፥ አፈሩን አጥቦ የተቈረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ በዕቃ ውስጥ ማቆም፥ ብጫው ፈሳሽ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ድረስ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ እሾሁና ልጣጩ ይገፈፋል፥ ልቡም በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠባል። አስቀድሞ ጥቂት በክንድ ላይ ቀብቶ ማየት ይገባል፤ ቢያሳክክ ወይም ቢቀላ ለዚያ ሰው አልተስማማውም ማለት ነው። ለነገ ተብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ይበላሻልና በየጊዜው አዲስ ይቈረጣል።

ይህ ነገር እውነት ይጠቅማልን? የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በራጅ ጨረር የተጐዳ የሰው ቆዳ በእሬት ቅጠል እንደ ተሻለው ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህም በቀላል ቃጠሎ ላይ የተደረገው ምርመራ የቅጠሉ ልብ የመዳኛውን ጊዜ እንደሚያሳጥር የሚያሳይ ነው። ዳሩ ግን በ1991 ዓ.ም. በዚያው በአሜሪካ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ በቈየ ጥልቅ ቍስል ላይ ተፈትኖ፥ እሬት የተደረገለት ቍስል ካልተደረገለት ይልቅ ዘግይቶ ዳነ። አንዱ ቅጠል በአንዱ ቍስል ረዳት፥ በሌላው ቍስል እንቅፋት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህም ምርመራ የሚበዛው የተደረገው በዐረቡ እሬት ላይ እንጂ በሸዋው አይደለምና የአንዱን ምስክርነት ለሌላው ሙሉ በሙሉ መስጠት አይገባም። እሬት ሁሉን ያድናል የሚለውም፥ እሬት ምንም አይረባም የሚለውም፥ ሁለቱ ምርመራውን አልተመለከቱም።

እንግዲህ አሠራሩን ለመረዳት አንድ ቤት እናስብ። ምሽት ነው፤ ወጥ የተጣደበት ድስት ተንሸራቶ የአንዲትን ሕፃን ክንድ አቃጠለ። ወጣቷ እናት ደንግጣ ወደ አማቷ ትጮኻለች።

«እማማ፥ ቶሎ ሊጥ ያቀብሉኝ!»

«ተዪ ልጄ፤ ሊጡ ለእንጀራ ነው። ይልቅስ ከእንስራው ውሃ ቅጂ።»

«ውሃ ካረፈበት ውሃ ይቋጥራል ይሉ የለምን?»

«ውሃ የሚቋጥረው እሳቱ ነው እንጂ ውሃው አይደለም። ባናውን አልብሻትና ክንዷን ብቻ አውጪው።»

አሮጊቷ የተናገረችው ሐኪሞች ከሚያዙት ጋራ አንድ ነው። የተቃጠለ ሥጋ እሳቱ ከተወገደ በኋላም ሙቀቱ ወደ ውስጥ እየገባ ስለሚጐዳው፥ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያሉ እስከ ሃያ ደቂቃ ድረስ ማፍሰስ ይገባል። በመንዝ ውሃው ራሱ በረዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነውና፥ የሕፃኑን የቀረውን ሰውነት በጋቢ ወይም በባና መጠቅለል አይረሳ። አምባርና ቀለበት ሳያብጥ በፊት ይወልቃል። ቅቤ፥ ሊጥ፥ የጥርስ ሳሙና፥ እንቍላል ሙቀቱን አፍነው ይይዙታል፥ ቍስሉንም ያቈሽሹታል። ውሃው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ቆዳው ያልተላጠና ቅላት ብቻ ያለው ከሆነ የእሬት ልብ በስሱ መቀባት፥ በንጹሕ ጨርቅም መሸፈን ይቻላል። የቋጠረውን ውሃ ማፈንዳት አይገባም። ቃጠሎው ከተቃጠለው ሰው መዳፍ የሚሰፋ እንደ ሆነ፥ ወይም በፊት፥ በእጅ፥ በመገጣጠሚያና በኀፍረተ ሥጋ ላይ የደረሰ እንደ ሆነ፥ ወይም ቦታው ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ሕመም የማይሰማው እንደ ሆነ እሬት አይነካውም፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

በማጭድ ወይም በመጥረቢያ የተቈረጠ ቍስል ሥርዓቱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ደሙ ይቆም ዘንድ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መያዝ፥ ቢቻል የተቈረጠውን እጅ ወይም እግር ከፍ ማድረግ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ይገባል፤ ቆመ ወይስ አልቆመም እያሉ በየጊዜው መግለጥ የረጋውን ደም መልሶ ያፈሰዋል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የቡና ዱቄት፥ አመድ፥ ወይም እበት ይደፉበታል። ደሙ የቆመ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ጋራ የሚገባው ጠላት ከፈሰሰው ደም ይልቅ ይከፋል። ደሙ ከቆመ በኋላ ቍስሉ በፈላና በቀዘቀዘ ብዙ ውሃ ይታጠባል፥ ዙሪያውም በሳሙና ይጸዳል። የሚታሰርበትም ጨርቅ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ይሁን። በእንዶድ የታጠበ ጨርቅ ቢሆን ደጋግሞ በውሃ ማጥራት ይገባል። እንዶድ ብርቱ ነገር ነውና፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ለመግደል የሚያስችለውን ምርምር ጀመሩ። ለቀንድ አውጣ ሞት የሆነ ነገር በክፍት ሥጋ ላይ የሚፈስ አይደለም።

ከእበትና ከአፈር ጋራ የሚገባው ጠላት መንጋጋ ቆልፍ ነው። ነፍሳቱ በዓይን የማትታይ ረቂቅ ናት፤ በከብትና በፈረስ አንጀት፥ በእበትና በማሳ አፈር ውስጥ እንደ ዘር ተሸፍና ብዙ ዓመት ትኖራለች። ኪታሳቶ የተባለው የጃፓን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. ለይቶ አሳደጋት፤ በማግሥቱ ዓመትም ከጀርመናዊው ከቤሪንግ ጋራ ሆኖ መርዟን የሚያከሽፈውን ነገር አሳወቀ። ይህች ነፍሳት ነፋስ አትወድም፤ እሾህ፥ ምስማር ወይም የእርሻ መሣሪያ ወግቶ ባበጀው ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ግን ትመቻለች። በዚያም ሆና መርዝ ታመነጫለች። ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሃያ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ቍስሉ ጠግጎ ሊሆን ይችላልና የታመመው ሰው ቤተ ሰብ ሕመሙ ከእግሩ ውጋት የመጣ መሆኑን አያስበውም። መንጋጋው ይተሳሰራል፥ መዋጥ ይሳነዋል፥ ጀርባው እንደ ደጋን ይለመጣል፤ ድምፅ ወይም ብርሃን ሲነካው ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ከደረሰ በኋላ በሐኪም ቤትም ቢሆን የሚድነው በብዙ ጭንቅ ነው።

አዲስ በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ እበት ወይም ቅቤ መቀባት፥ ባልነጻ ምላጭም እትብቱን መቍረጥ ለዚሁ በሽታ በር ነበረ። በእናቶች ክትባትና በንጹሕ አዋላጅነት ብርታት ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ከሕዝብ ጤና ችግርነት አስወግዳለች ተብሎ ተረጋግጧል። ነገር ግን ነፍሳቱ ከአፈር አልወጣችም፤ የተወገደው በክትባቱ ኃይል ነውና ክትባቱ ሲቋረጥ ትመለሳለች። እሬትም ሆነ ሌላ ቅጠል ይህን መርዝ የሚያከሽፍበት አንድ መንገድ የለውም። ስለዚህ ምስማር ወይም እሾህ ጠልቆ የወጋው፥ በቈሻሻ ብረት የተቈረጠው ሰው ሁሉ ቍስሉ ትንሽ ቢመስልም ክትባት ይፈልግ ዘንድ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ነገር ከሁሉ ይልቅ የጸና ነው። በየአገሩ የውሻ በሽታ መድኃኒት አለኝ የሚል አዋቂ አይጠፋም፤ የተነከሰውንም ሰው በዚያ ተስፋ ቀኑን ያሳልፍበታል። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. አንድ የተነከሰ ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መንገዱ ታውቋል፤ በሽታው ከተገለጠ በኋላ ግን ማንም ሊመልሰው የማይችል ነው። የተነከሰውን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፥ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ እንጂ ቅጠል አስሮ መቀመጥ ሞትን መጠበቅ ነው። በመሐል ሜዳም፥ በዓለም ከተማም፥ በደብረ ብርሃንም ሐኪም ቤት አለ፤ መንገዱ ቢረዝም ከዚህ ጕዳይ አይረዝምም።

ስለ ሌሎቹ ዕፀዋት ጥቂት ቃል ይበቃል። የብሳና ፈሳሽ ለጭርት፥ የጎርተብ ቅጠል ተጨቅጭቆ ደም ለማቆም በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ከመሬት የተለቀመ ቅጠል አፈር ይዞ እንደሚመጣ ግን መዘንጋት የለበትም፥ በእረኛ አፍ የታኘከም ቅጠል የአፉን ቈሻሻ ይዞ ወደ ቍስል ይገባል። የቁልቋል ወተት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ሥጋን ያቃጥላል፥ ዓይን ውስጥ ቢገባም ሊያሳውር ይችላል። ልጆች ሲጫወቱበት ማየት ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ንጹሕ ማር ግን ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ምስክር አለው፤ ውሃን ከነፍሳት ስለሚስብ በላዩ አያድጉም፥ ለቀላል ቃጠሎም ረዳትነቱ በምርመራ ታይቷል። ስኳር የተቀላቀለበት የገበያ ማር ለዚህ አይሆንም። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃንም ማር ማብላት አይገባም።

ቅጠል የተደረገበት ቍስል በየቀኑ ይታያል። ቢቀላ፥ ቢያብጥ፥ ቢግል፥ መግል ቢይዝ፥ ቢሸት፥ ቀይ መሥመር ወደ ላይ ቢወጣ፥ ወይም ሰውየውን ትኵሳት ቢይዘው እሬቱ በዚያን ጊዜ ይቀራል። ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ምን ቅጠል እንደ ተቀባና መቼ እንደ ተቀባ ለባለ ሙያው ሳይሸሽግ ይናገር። አንዳንዱ እንዳይወቀስ ፈርቶ ምንም አልነካሁትም ይላል፤ ይህም ሐኪሙን በጨለማ ማስኬድ ነው። ባለ ሙያውም የመጣውን ሰው በቅጠሉ ምክንያት ሊያሳፍረው አይገባውም፤ ያፈረ ሰው ሁለተኛ አይመጣምና።

እሬትን ከነሥሩ እየነቀሉ የሚወስዱ ሰዎች በየስፍራው ይታያሉ፤ ይህ ነገር ለዓመት የሚሆነውን በአንድ ቀን መፍጀት ነው። ከሥሩ አጠገብ የሚወጡትን ትናንሽ ቡቃያዎች ለይቶ፥ የተለዩበትን ቍስል ጥቂት ቀን በጥላ አድርቆ፥ ውሃ በማይቋጥር ደንጊያማ አፈር ላይ መትከል ይቻላል። ትምህርት ቤቱ በወይና ደጋ ቢሆን በግቢው ፀሐይ በሚያገኘው ግንብ ሥር ይተከል፤ በብርቱ ደጋ ቢሆን ውርጭ እንዳያጠፋው በዕቃ ተክሎ ሌሊት ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። በአጠገቡም ስሙ፥ የተተከለበት ቀን፥ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ብጫው ፈሳሽ እንደማይጠጣም ከዚያው በታች በጕልህ ይጻፍበት።